የአውራ ጣቴ ፈትል

ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ልደታ ተኛሁኝ፣
ለአርባዬ ዋዜማ ሌሊት ተነሣሁኝ።
ማንም አልጠራኝም፤ ድግምት አልሰማሁም፤
መለከት ነው ብዬም አልተደናበርሁም።
የመምሬ ፈቃዱን የግድግዳ ሰዓት
ፒያሳ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ሆዱን እንደ ከፈትሁት፣
ቀብድ ተቀብዬ ሳልጠግን ሞትሁበት።
ሰው በዚህ ይነሣል? እኔ ተነሣሁበት።

እግሬን ስጎትተው፣ ስንገዳገድ፣ ስወድቅ፣
«ሙት እንዲህ ነው የሚሄድ!» አላችሁ ከሩቅ።
ሙት ስለ ሆንሁ አይደለም እግሬ ያነከሰው፤
ሁለት አውራ ጣቴን ባንድ ፈትል ጠርቆ
አስሮት ነው ሰው።
ያውም እናንዬ ናት። እጇ እየራደባት
ሦስቴ አዙራ ቋጠረችው፣ እንዳይላላባት።

«ያጓራል» ትላላችሁ፤
አገጬን በነጠላ ጥለት ጠፍራችሁ፣
አፍንጫዬን በጥጥ ወትፋችሁ፣
«ያጓራል» ትላላችሁ!
«አትሩጡ» ነው የምል፤
ሲወጣ ግን «እምም» ይላል።

ቁልቁል ስወርድ አንድ ጅብ አሸተተኝ፣ አየኝ፣
እንደ ጨዋ ጎረቤት መንገድ ለቀቀልኝ።
የባንኩ ዘበኛ ጓዴ ግን፣ የዕድሬ ሰው፣
ቀብሬ ላይ አካፋ ይዞ ከሁሉ የባሰው፣
ክላሹን ጥሎ ሲሮጥ ጫማው ካንድ እግሩ ወለቀ።
«ጓዴ፣ ጫማህ!» ልለው ቃሉ ጥርሴ ሥር ደቀቀ።
እምም።
ጫማውን ከዘብ ቤቱ ደፍ ላይ አስቀምጬለት አለፍሁ።

የነገሥታቱ ግንብ፣ ጣሪያው የፈረሰው፣
እሱም ሞቶ ቆሟል፤ እሱን ግን ይህ ሁሉ ሰው
ትኬት ቆርጦ ነው የሚያየው።
እኔን በድንጋይ።

ጎሕ ሳይቀድ ወሬው ጥሎኝ ሄደ፤ ወሬ እግሩ አልታሰረ።
«አዛናው ተነሣ! ማን አስነሣው?» ሰፈሩ ተሸበረ።
ማንን እንደሚሉ ገና ሳይሏት አውቅ ነበር።
ልጅ ሲያተኩሰው እሷ፤ ላም ስትነጥፍ እሷ፤
ወለቃ ያለችው ሸክላ ሠሪ፣ ሽታዬ፣ እሷ!
«ቆፍራ አውጥታ ሰባት ዓመት
ጭቃ ልታስረግጠው ነው» አሉ።
ዱላ ተመዘዘ፤ ባትሪ በራ፤
አንዱ ባጃጁን አስነሣ።

እኔስ? አሁን ሞቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ፤
ሃያ ዓመት በድስቷ ወጥ በልቻለሁ፣
ስሟ በተነሣ ቁጥር «እንትፍ» ብያለሁ።

ስለዚህ ሄድሁ። የወለቃን ዳገት፣ እንደ ቁራ፣
እየዘለልሁ፣ በታሰረ እግሬ፣ ከቀኝም ከግራ
ውሾች እያጀቡኝ።

ደጇ ላይ ጭቃ ታቦካለች።
አልጮኸችም። በክንዷ ግንባሯን ጠረገች፣
አየችኝ፤
«አንተንም አሉህ?» አለችኝ።
ከገል ክምሯ ውስጥ ሹሉን መረጠች፣
ጎንበስ ብላ የጣቴን ፈትል በጠሰች፤
አገጬንም ፈታች።
እጇ እርጥብ ነበር።
ከተገነዝሁ ወዲህ የነካኝ ሰው የለም ነበር።
«ቁጭ በል» አለችኝ፤ «የቆመ ነው የሚያስፈራቸው።»

ተቀመጥሁ። መጡ። ዱላቸው ቀደማቸው።
አፌ ውስጥ ያለውን አፈር ዋጥሁ።
ብዙ ነበር የማወራው፦ ማንም አላስነሣኝም፣
እሷ ምንም አላደረገችኝም፣
ሰዓቱ አንዲት ብሎን ነው የጎደለው፣
ለእናንዬ ንገሩልኝ፣ ቋጠሮዋ ጥብቅ ነው።
ምላሴ ግን፣ አርባ ቀን ሊሞላው የተዘጋው፣
የወጣለት የድሮ ልማዱ ነው፦

«እንዴት አደራችሁ?»

ባትሪው ወደቀ። ባጃጁን ትተው፣ እርስ በርስ እየተረጋገጡ
ወደ ከተማ ፈረጠጡ።
አንድ ልጅ ቀረ፤ የአትጠገብ ልጅ፣ የባጃጁ ነጂ።
ዱላው እንደ ተሰነዘረ ነው፣ አልወረደም ገና።
አፉ ግን ቀደመው፣ ሳያስበው፣ እንደ ጨዋ ልጅ፦
«እግዜር ይመስገን፣ ጋሽ አዛናው፤
እርስዎስ፣ እንዴት አደሩ?»